ምራት የማትጠራው ስም

ሻንጣው ኬፕታውን ደረሰ። ልጅቷ አልደረሰችም።

ኖዞሊሌ ይህን የሰማችው ጠዋት ለዶሮዎቿ በቆሎ እየበተነች ሳለ ነው። የደወለላት የአውቶቡሱ ረዳት ነበር።

«ማማ፣ ሻንጣው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አይቼ ነው። ባለቤቱ መጥቶ አልወሰደውም። ምን ላድርገው?»

«ባለቤቷማ አብራችሁ ናት።»

«የለችም።»

«ወንበሯ ላይ እያት። እንቅልፍ ጥሏት ይሆናል።»

«ማማ፣ አውቶቡሱ ባዶ ነው። ጠርገን ጨርሰናል።»

በቆሎው ከእጇ አምልጦ ፈሰሰ። ዶሮዎቹ እግሯ ላይ ሲሻሙ አልተሰማትም። የልጇን ስልክ ሞከረች፤ ዝግ ነው። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው።

ዚምኪታ አንድ ልጇ ናት። አባቷ ከወርቅ ጉድጓድ በሬሳ ሣጥን ከተመለሰ ወዲህ የቤቱ ሳቅም ተስፋም እሷ ነበረች። እሁድ ከሰዓት ጎረቤቱ ሁሉ እየዘፈነ ነው የሸኛት። ከዚያ የኬንታኒ ኮረብታ ተነስቶ በኬፕታውኑ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ሊማር የሄደ ሰው ከእሷ በፊት አልነበረም። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። እስከዚያ ያልቀረበ ተማሪ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ይህን መንደሩ በሙሉ እንደ ገና ቀን ያውቀዋል።

ኖዞሊሌ ግን በዚያች ሰዓት ዓርብ ትዝም አላላት። ትዝ ያለቻት ባለፈው ዓመት ወንዝ ዳር ሞታ የተገኘችው የጎረቤት መንደር ልጅ ናት። ፎጣዋን ወገቧ ላይ እንዳሰረች ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወረደች።

ሳጅን ቩሉምዚ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ዳቦ ይበላል። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚሄድ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። ፊቷን ሲያይ ዳቦውን ኪሱ ከተተው።

«ልጄ ጠፋች።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ ስምንት።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የወንድ ጓደኛ አላት?»

«ባዮሎጂ ነው ጓደኛዋ።»

«ኬፕታውን ማን ጋ ልታርፍ ነበር?»

«የባሌ ወንድም ሚስት ጋ። ኖሳኬሌ ትባላለች። ስልኳ አይሠራም፤ እሷ ቁጥር የምትቀይረው ሰው ሸሚዝ እንደሚቀይር ነው። ከልጅቷ ጋር ነው የሚጻጻፉት። እኔና እሷ ከተነጋገርን ሁለት ዓመታችን ነው።»

«ለምን?»

«በአንዲት ላም ተጣልተን።»

«ሰፈሯስ የት ነው?»

ኖዞሊሌ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። «እዚያ… የምታቃጥለዋ ሰፈር።»

ሳጅን ብዕሩን አቆመ። «ማን ናት የምታቃጥለው?»

«ቀን ቀን ከላይ ሆና የምታቃጥለን ናታ።»

ሳጅን ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ላንጋ?»

አንገቷን ደፋች።

«የባልዎ አባት ስም ነው?»

«ነው።»

«ማማ፣ አይፈሩ። የኔም አባት ስማቸው ዝናብ ነው። ሚስቴ ዝናብ መጣ ማለት ሲያቅታት ‹ልብሱን አስገባ› ትለኛለች። ጎረቤት ሁሉ ልብስ አስገባ ሲባል ጃንጥላ ይይዛል።»

እኛ የቤቱ ምራት ስላልሆንን እንጠራዋለን፤ አያትየው ላንጋ ይባሉ ነበር፣ በቋንቋቸው ፀሐይ ማለት ነው። ወደዚያ ቤት ያገባች ሴት ስማቸውን አትጠራም፤ በስማቸው ምክንያት ፀሐይንም አትጠራም፤ በኬፕታውን ያንኑ ስም የያዘውን ሰፈርም አትጠራም። የቤቱ ተወላጆች ግን እንዳሻቸው ይጠሩታል። ነገሩ ምራትን ብቻ ነው የሚይዘው።

ሳጅን ወደ ሥራው ተመለሰ። «ለጋብቻ የጠየቃት ሰው ነበር?»

ነበር። ታታ ፓካሚሌ፣ ሚኒባሶች ያሉት፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው፣ ባለፈው ዓመት ሽማግሌ ልኮ ነበር። ትማር ተብሎ እንቢ ተባለ። በዚያ አገር ደግሞ እንቢ ሲባሉ ልጅቷን ከመንገድ ላይ ጠልፈው የሚወስዱ ወንዶች አሉ። ኖዞሊሌ ይህን ሳጅኑ ገና ሳይጠይቃት አስባው ነበር፤ ስሙን በግድ አወጣችው።

ወደ ፓካሚሌ ቤት አብረው ሄዱ። ሰውዬው በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እግሩ እስከ ጉልበቱ በጀሶ ታስሯል።

«ታታ፣ እሁድ ማታ የት ነበሩ?»

«እዚሁ ወንበር ላይ።»

«ምስክር አለዎት?»

«ከጣሪያ ወድቄ እግሬን የሰበርኩት ቅዳሜ ነው። ሳጅን፣ ልጅ ጠልፎ ለመሮጥ እግር ያስፈልጋል።» ከዚያ ወደ ኖዞሊሌ ዞረ፤ በነገዷ ስም ነበር የጠራት። «ማቤሌ፣ እኔ የጠየቅሁሽ በሽማግሌ እንጂ በገመድ አይደለም። እንቢ አላችሁኝ፣ ዋጥኩት። አሁን ያንን ፊትሽን አንሺና ሚኒባሴን ውሰጂ። ልጅቷን ፈልጓት።»

ኖዞሊሌ አፈረች። ማፈሯ ግን ፍርሃቷን አልቀነሰላትም። ፓካሚሌ ካልሆነ፣ የማታውቀው ሰው ነው ማለት ነው።

ማታ ላይ ስልኳ ጮኸ። ቁጥሩ አይታይም። ሁለቴ ሳተችው፣ ከዚያ አነሳችው።

«ኖዞሊሌ? ኖሳኬሌ ነኝ።» ድምፁ የሴት ነው፤ የተዘጋና የሚያስል። «ጉንፋን ጥሎኛል። ስልኬ ተሰርቆ በጎረቤት ስልክ ነው። አይዞሽ አትደንግጪ። እዚህ ላንጋ ነኝ፤ ዚሚም እኔ ጋ ናት።»

ኖዞሊሌ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«አገናኚኝ። አንዴ ድምጿን ልስማ።»

«ተኝታለች። ስሚኝ፣ ትምህርቱን ትታዋለች። ጭንቀት ሊገድላት ነው። እንዳትቆጫት ፈርታ ነው መንገድ ላይ የወረደችው። ለጥቂት ቀን አታስጨንቋት። ከዓርብ በኋላ ራሷ ትደውልልሻለች።»

«በሕይወት አለች?»

«አለች አልኩሽ።»

ስልኩ ተዘጋ። ኖዞሊሌ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ኖሳኬሌን የያዘችባትን ቂም ሁሉ ያን ማታ ይቅር አለቻት። ስለ ላሟ እንኳ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ጊዜ ሰውን ያለሳልሳል ማለት ነው፣ ብላ አሰበች። ለሳጅኑ ደወለችና ፍለጋው እንዲቆም ነገረችው።

«ድምጿን ሰምተዋል?» አላት።

«ተኝታለች።»

«እሺ» አለ። እሺ ያለበት ድምፅ ግን ደስ አይልም።

እስኪነጋጋ ድረስ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ፍርሃቱ ሲቀልላት ንዴት መጣባት። ያ ሁሉ ልፋት እንዴት እንዲህ ይጣላል? ማመልከቻውን ሲሞሉ የሆነው ትዝ አላት። ዩኒቨርሲቲው ውጤት ብቻ አይጠይቅም። እናት ስንተኛ ክፍል ደረሰች፣ አያት ማንበብ ትችላለች ወይ፣ ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ አለው ወይ፣ ሁሉን ይጠይቃል።

«ማማ፣ ስንተኛ ክፍል ነበር ያቆምሽው?» አለቻት ዚምኪታ።

«ምን ያደርግልሻል?»

«ይጠይቃሉ።»

«ስድስተኛ» አለች ኖዞሊሌ አፍራ።

«ጎሽ፣ እሱ ይደመርልኛል።»

«ምኑ? ድንቁርናዬ?»

«ከየት ተነስቼ እንደመጣሁ ነው የሚለኩት፣ ማማ። ሰማንያ አራት ያመጣሁት ያለ ቤተ ሙከራ፣ ያለ አስጠኚ ነው። እሱን ያዩልኛል።»

ያን ቀን እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አለመማሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ትርፍ አመጣ እየተባባሉ።

ጠዋት ወደ አማቷ ጎጆ ገባች። ማጋትዬኒ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን መርፌ ሲወድቅ ይሰማል። ከበቆሎ የተጠመቀውን ማሄዋቸውን በጣሳ ይዘው ይጎነጫሉ።

«ተገኘች፣ ማማ» አለች ኖዞሊሌ።

«ተመስገን። የት ናት?»

«የምታቃጥለዋ ሰፈር። ኖሳኬሌ ጋ።»

«ኖሳኬሌ ደወለች? እሷ? ለአንቺ?»

«ደወለች።»

«ምን አለች? እንዳለችው አድርገሽ ንገሪኝ።»

«አይዞሽ አትደንግጪ አለች። እዚህ…»

ኖዞሊሌ ቆመች። እጇ ሳታዝዘው አፏን ያዘ።

«እዚህ ምን?» አሉ አሮጊቷ።

«ስሙን ጠራችው።»

«የማንን ስም?»

«የሳቸውን።»

ማጋትዬኒ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ኖሳኬሌ ባለጌ ናት» አሉ። «ላሜን በልታኛለች። በባሌ ቀብር ቀን ሰድባኛለች። ግን ባሌን በስሙ አትጠራውም። ሰክራም አትጠራውም። ስታብድም አትጠራውም። ማኮቲ፣ ምራቴ፣ የደወለችልሽ የዚህ ቤት ምራት አይደለችም።»

የኖዞሊሌ ሰውነት ከእግር ጥፍሯ እስከ ራሷ ቀዘቀዘ። ልጇ ኖሳኬሌ ጋ የለችም። ልጇ፣ የኖሳኬሌን ስም የምታውቅ፣ የሰው ድምፅ አስመስላ የምትናገር አንዲት ሴት እጅ ላይ ናት። እሷ ደግሞ ተመስገን ብላ፣ አልቅሳ፣ ፖሊሱን አስቁማለች። አንድ ሙሉ ሌሊት ለጠላፊዋ በገዛ አፏ ሰጥታለች።

ወደ ጣቢያው ስትሮጥ ጫማዋን አላደረገችም።

ሳጅን ሰምቷት አልሳቀም። የዝናብ ልጅ ነውና ማስረዳት አላስፈለጋትም። ወዲያው ኬፕታውን ደወለ፤ እዚያ ያሉ ፖሊሶች ኖሳኬሌን ቤቷ ሄደው አገኟት። ልጅቷ አልመጣችም፤ ዩኒቨርሲቲው ማደሪያ የገባች መስሏት ነበር። ሴትየዋ እውነተኛዋ ኖሳኬሌ ለመሆኗ ማረጋገጫም አልጠፋም።

«ሰፈርሽ ማን ይባላል ሲሏት የምታቃጥለዋ ብላ አስቸግራቸዋለች» አለ ሳጅን። «ደግሞ ስለ አንዲት ላም ለረጅም ጊዜ ነግራቸዋለች።»

ከሰዓት ሳጅንና ኖዞሊሌ በሚጠብቁበት በባተርወርዝ ከተማ መናኸሪያ አውቶቡሱ ተመልሶ ገባ። ሉንዲ የሚባለው ረዳት ሻንጣውን ይዞ ወረደ። ሳጅን እጁን ትከሻው ላይ አደረገ።

«የት ወረደች?»

«አልወረደችም አልኩ እኮ።»

«ታዲያ በመስኮት በረረች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ሹፌሩ ከኢስት ለንደን ከተማ በኋላ ወንበሯ ላይ ሕፃን የያዘች ሴት ነበረች ይላል። ያቺ ሴት ትኬት አላት?»

ሉንዲ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። ላቡ በግንባሩ ወረደ።

ኖዞሊሌ ፊቱ ቆመች። «ልጄ ናት» አለችው። «ገድለሃት ቢሆንም ንገረኝ። የት ጣልካት?»

«ማማ፣ ኧረ እኔ ማንንም አልነካሁም። ወንበሯን ሸጥኩት፣ በቃ። ጥፋቴ እሱ ነው። ሥራዬን እንዳላጣ ነው የዋሸሁት። ኢስት ለንደን ማደያው ጋ ስንቆም አንዲት ሴት በነጭ መኪና መጥታ ትጠብቃት ነበር። ተቃቀፉ። ልጅቷ ሻንጣዬን አውጣልኝ አለችኝ፤ ከሁሉ ሥር ነበር፣ ኬፕታውን ትቀበይዋለሽ አልኳት።»

«ሴትየዋ ምን ትመስላለች?»

«የደላት። ሽቶዋ እስከ አውቶቡሱ ይሸታል። ‹ተይው ዚሚ፣ ነገ እዚያው እንቀበለዋለን› አለቻት።»

ዚሚ። ኖዞሊሌ ግንቡን ያዘች። ማታ በስልክ የሰማችውም ይኸው ነበር፤ በአያትየው ስም ተደናግጣ ይኼኛውን ዘንግታዋለች። መንደሩ ውስጥ ልጇን ዚሚ የሚል የለም። በዓለም ላይ ዚሚ የምትባልበት ቤት አንድ ነው።

«ሲስ ቶቤካ» አለች በቀስታ። ወዲያው ደግሞ ራሷን ነቀነቀች። «አይ፣ አይደለችም። እሷማ ደግ ናት።»

«ማን ናት?» አለ ሳጅን።

ቶቤካ ኢስት ለንደን ውስጥ መድኃኒት ቤት ያላት ሴት ናት። ልጇ ኦያማ ከዚምኪታ ጋር የክረምቱን የማጠናከሪያ ትምህርት አብራ ተምራለች። ዚምኪታ ያኔ እነሱ ቤት ነበር ያረፈችው። ልብስ ሰጥተዋታል፣ ዚሚ ብለው ስም አውጥተውላታል። ሁለቱም ልጆች ለአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ለሕክምና አመለከቱ። ዚምኪታ በሰማንያ አራት ገባች። ኦያማ በዘጠና ሁለት ተጠባባቂ ሆነች።

«ስንተኛ ተጠባባቂ?» አለ ሳጅን።

«አንደኛ። ሲስ ቶቤካ እንኳን ደስ አላችሁ ልትል ደውላ ራሷ ነገረችኝ። አለቀሰች። እኔ የደስታ መስሎኝ።»

«ኢስት ለንደን እንሂድ» አለ ሳጅን። የጣቢያው መኪና እንደ ልማዷ ነዳጅ አልነበራትም፤ በፓካሚሌ ሚኒባስ ተነሱ። የኢስት ለንደን ፖሊሶች ቤቱ ጋ እንዲገናኟቸው ሳጅን በስልክ ነገራቸው። መንገዱን ሙሉ ኖዞሊሌ ደግ ናት፣ ደግ ናት ትል ነበር። የምትለው ለራሷ ነው። መድኃኒት ቤት ያላት ሴት ምን እንዳላት አስባ፣ ሐሳቡን መጨረስ ፈርታ ነበር።

ቶቤካ በሩን ራሷ ከፈተች፤ የመድኃኒት ቤት ነጭ ካፖርቷን አላወለቀችም። ኖዞሊሌን ስታይ እጇን ዘረጋች።

«እህቴ፣ ምን እግር ጣለሽ? ግቡ፣ ሻይ ላፍላ።»

«ሻይ አንፈልግም» አለ ሳጅን። «ዚምኪታን መቼ ነው ያየሻት?»

«ከክረምት ወዲህ አላየኋትም። ምን ሆነች?»

«እሁድ ማታ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ።»

«መኪናሽ ነጭ ነው?»

«በዚህ ከተማ ግማሹ መኪና ነጭ ነው፣ ሳጅን።»

«ሰኞ ማታ ለዚህች እናት ደውለሽላታል?»

«ብደውልላት በስሜ ነው የምደውለው። ምን ብዬ እደበቃለሁ?» ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ኖዞሊሌ ለአፍታ ተሳስተናል ብላ ልትወጣ ዳዳት።

ያኔ ኦያማ ከፎቅ ወረደች፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ያልተኛች የምትመስል ልጅ።

«ዚሚ ምን ሆነች?» አለች። «ስልኳ ለምን ተዘጋ?»

«ክፍልሽ ግቢ» አለቻት እናቷ።

«የኔ ልጅ» አለች ኖዞሊሌ፣ «ዚሚ ጠፍታለች። ከእሁድ ጀምሮ።»

ኦያማ እናቷን አየቻት። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ጓሮ አየች፣ የሠራተኛ ክፍሉ ወዳለበት። ከዚያ እንደገና እናቷን።

«ማማ፣ የጓሮው ክፍል እውነት የአይጥ መርዝ ነው ያለበት?»

ኖዞሊሌ ወጥታ ነበር። ጓሮውን እንዴት እንደተሻገረች አታውቅም። በሩ በቁልፍ ተዘግቷል። በጡጫዋ ደበደበችው።

«ዚምኪታ! እኔ ነኝ፣ እናትሽ ነኝ።»

ዝም።

ጆሮዋን እንጨቱ ላይ ለጠፈች። የራሷ ልብ እየመታ አላሰማት አለ። ትንፋሿን ያዘች። ከውስጥ አንድ ነገር ወለሉን መታ፤ በጣም ቀስ ብሎ። ደግሞ መታ።

ሳጅን በትከሻው ሰበረው። ዚምኪታ ፍራሽ ላይ ተጋድማለች። ዓይኗ ግማሹ ተከፍቶ ምንም አያይም፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አንድ ተረከዟ ብቻ ወለሉን እየመታ ነው። ኖዞሊሌ አቀፈቻት። ልጇ የምትተነፍሰው እያረፈች ነበር፤ በሁለቱ ትንፋሾች መሀል እናትየው አብራት ትሞት ነበር።

ኋላ ሐኪሙ የእንቅልፍ መድኃኒቱ አንድ ጊዜ ቢጨመርላት አትነቃም ነበር አለ።

አምቡላንሱ እስኪመጣ ቶቤካ ጓሮው ውስጥ ቆማ ቀረች። ፖሊሶቹ በግራና በቀኝ ይዘዋታል። ለመሸሽ አልሞከረችም።

«አውቶቡስ ያደክምሻል፣ እኔና ኦያማ በመኪና እንወስድሻለን አልኳት» አለች። «መድኃኒቱን ሻይ ውስጥ ነው የጨመርኩት። ልጎዳት አልፈለግሁም። እስከ ዓርብ ብቻ እንድትተኛ ነው።»

«ከዓርብ በኋላስ?» አለ ሳጅን። «ስትነቃ ዝም ትላለች? ማን እንዳስተኛት ለእናቷ አትናገርም?»

ቶቤካ አፏን ከፈተች። መልስ አልነበራትም። ኖዞሊሌን ከሁሉ በላይ ያስፈራት ያ ዝምታ ነው፤ እስከ ዛሬም በሕልሟ ይመጣል።

«ዘጠና ሁለት» አለች ቶቤካ በመጨረሻ። «ልጄ ዘጠና ሁለት አምጥታለች። እናቴ የነጮች ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበረች። እኔ በሻማ ነው ያጠናሁት። ያኔ ለእኔ ማን ነጥብ ጨመረልኝ? በቆዳዬ ምክንያት በሩ ተዘጋብኝ። ሐኪም ልሆን አልሜ ክኒን ቆጣሪ ሆንኩ። ልጄ ሻማ እንዳታይ ብዬ ዕድሜዬን ጨረስኩ። አሁን ምን አሉኝ? ሻማ ስላላየች ትጠብቅ። ድካሜ በልጄ ላይ ተቆጠረባት።»

ኖዞሊሌ የልጇን ጭንቅላት ጭኗ ላይ እንደያዘች ቀና አለች። ሴትየዋ ካለችው ውስጥ እውነት እንዳለበት ገብቷታል። ገብቷትም አልራራችላትም።

«ይህን ሄደሽ ለእነሱ ነበር መንገር» አለች። «ልጄ ምን አደረገችሽ? ቤትሽ በልታ ሲስ ቶቤካ፣ ሲስ ቶቤካ ስትል የከረመች ልጅ ናት።»

ቶቤካ መሬት መሬት አየች። ከዚያ፣ ነገሩ ከልቧ አልወጣ ብሏት ይሁን፣ ጠየቀች። «እንዴት ነው ያወቅሽኝ? የኖሳኬሌን ስም ከዚሚ ነው የሰማሁት። ድምፄንም ለውጫለሁ።»

«ሰፈሩን ጠራሽው።»

«ላንጋን? ላንጋ እኮ የሰፈር ስም ነው። ካርታ ላይ አለ።»

«ምራት ሆነሽ አታውቂም» አለቻት ኖዞሊሌ።

እውነት ነው። ቶቤካ በሰው ቤት ተድራ፣ ለባል አባት አንገቷን ደፍታ አታውቅም። ይህ ነውር አይደለም፤ ያጋለጣት ግን ይኸው ነው።

ኦያማ ከበሩ አጠገብ ቆማ ሁሉንም ሰምታ ነበር። አላለቀሰችም። አምቡላንሱ ሲመጣ የዚምኪታን ጫማ አንስታ ሰጠቻቸውና ወደ ቤት ገባች። በሳምንቱ ዩኒቨርሲቲው ደወለላት፤ ሌላ ተማሪ ቦታውን ስለተወ ተራው የእሷ ነው ተባለች። አልሄደችም። ለዚምኪታ ሁለት ጊዜ ጽፋላታለች። ዚምኪታ እስካሁን አልመለሰችላትም።

ዚምኪታ ግን ደረሰች። ሳጅኑ ለዩኒቨርሲቲው ደውሎ ነገሩን አስረድቶ ነበር። ሐሙስ ከሆስፒታል እንደወጣች በዚያው በፓካሚሌ ሚኒባስ፣ በእናቷና በአንድ ትራስ መሀል ተጋድማ ኬፕታውን ገባች። ዓርብ የምዝገባው በር ሳይዘጋ ሁለት ሰዎች ደግፈዋት ስሟን ሰጠች። እናቷ ትምህርቱ እስኪጀመር አብራት ከረመች፤ ከዚያ ተመለሰች።

ተመለሰች እንጂ አልተረጋጋችም። የማታውቀውን ቁጥር አታነሳም።

አንድ እሁድ ከሰዓት ከአማቷ ጋር ደጅ ተቀምጠው በቆሎ ሲፈለፍሉ ስልኩ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው። ጮኾ አቆመ። እንደገና ጮኸ።

«አንሺው» አሉ ማጋትዬኒ። «የሚመጣው ነገር ስልክ ስላላነሳሽ አይቀርም።»

አነሳችው። ድምፁን ከፍ አድርጋ መሀላቸው አስቀመጠችው፤ ብቻዋን መስማት ፈርታ ነው።

«ማማ? ስልኬ ባትሪ ጨርሶ በጎረቤት ስልክ ነው። አይዞሽ አትደንግጪ። እዚህ ላንጋ ነኝ፤ አክስቴ ጋ ምሳ ልበላ መጥቼ።»

ያው ቃል። ያው፣ አንድ በአንድ። በቆሎው ከኖዞሊሌ እጅ ወደቀ። ከዚያ ነው ድምፁን የለየችው። የልጇ ድምፅ ነው፣ እየሳቀ። ከኋላዋ ኖሳኬሌ ስለ አንዲት ላም ትጮኻለች። ልጅቷ ስሙን ጠራችው፤ መጥራትም ይገባታል። የቤቱ ልጅ ናት፣ አያቷ ናቸው።

«ማማ፣ አለሽ?»

«አለሁ» አለች ኖዞሊሌ። እንባዋ ይወርዳል። «የት ነኝ አልሽ?»

«ላንጋ።»

ማጋትዬኒ የበቆሎውን ራስ ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ለዚያ ቤት ከተዳሩ ጀምሮ፣ ባላቸው በሕይወት እያሉም ከሞቱም ወዲህ፣ ያን ስም አንድ ቀን በአፋቸው አላወጡትም። የደከመ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«አትዝጊው፣ ማኮቲ» አሉ። «እስቲ ትድገመው።»